የዳመነች እጅ

እትዬ ዳመነች ከጫኖ መሄዷን የነገረችን ሙዝ ሻጯ ናት። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሲቀላ ሰፈር ባለችው የእናቴ ጸጉር ቤት ደጃፍ ላይ ቅርጫቷን አወረደችና፣

«ያቺ የናንተ ዳመነች ክፍሏን ለቀቀች አሉ» አለች። «አንድ ፌስታል ብቻ ይዛ ነው የወጣችው። የት እንደምትሄድ ለአከራይዋ እንኳን አልነገረችም።»

እናቴ ሙዝ እየመረጠች ነበር። መርጣ ጨረሰች፣ ከፈለች፣ «እሺ» አለች። ያ ሙዝ እስከ ዛሬ አልተበላም፤ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ጠቁሯል።

መጻፍ እንደምችል ያወቅሁት ዘንድሮ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ስገባ ነው። የአማርኛ መምህራችን አንድ ገጽ ሲያዙ አራት ገጽ እየሰጠሁ «አንቺ ልጅ፣ እኔ ሌላም ክፍል አለኝ እኮ» ተብያለሁ። እውነቱን ልናገርና ይህን ያሉኝ ቀን ደስታዬ ቤት ድረስ አብሮኝ ገባ። እስክሪብቶ ስይዝ የማልችለው ነገር ያለ አይመስለኝም። የዛሬውን ግን እየፈራሁ ነው የምጽፈው። ስለ እትዬ ዳመነች ከጻፍኩ እኔ ያደረግኩትንም መጻፍ አለብኝ።

ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ እንደሷ ፈሪ የለም። መብረቅ ትፈራለች። ውሻ ትፈራለች። ተወልዳ ያደገችው ጨንቻ፣ ደጋው ላይ ስለሆነ ጫሞ ሐይቅን ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ጫፍ ላይ ቆማ እንኳን ስታየው «በቃ እንሂድ፣ አዞው አየኝ» ትላለች። ቀድሞ እሷና እናቴ አብረው በሚሠሩበት የጸጉር ሳሎን ውስጥ ካስክ የምንለው፣ ደንበኞች ጸጉራቸው እንዲደርቅ ራሳቸውን የሚያስገቡበት ማሽን አለ። እሷ በጣቷ ነክታ አብርታው አታውቅም። በማበጠሪያዋ የእንጨት እጀታ ነበር የምትጫነው፣ ያውም ፊቷን ወደ ጎን አዙራ።

አንድ ቀን ከሴቻ ወደ ሲቀላ አብረን በባጃጅ ስንወርድ ዓይኗን ጨፍና «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» ማለት ጀመረች። ባለባጃጁ በመስታወቱ አየት አደረጋትና፣

«እማማ፣ ፍሬን አለው እኮ» አላት።

«ፍሬን አለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኩሽ? ዝም ብለሽ መንገድሽን እይ።»

እትዬ ዳመነች ስትቆጣ ወይም ስትደነግጥ ወንዱን አንቺ፣ ሴቱን አንተ ትላለች። የአፍ መፍቻዋ ጋሞኛ ነው፤ አማርኛን የተማርኩት ከሰው ጸጉር ውስጥ ለቅሜ ነው እያለች ትቀልድ ነበር።

«አንቺ ካልሽኝማ እኔም ሹሩባ ልሠራ» አለ ባለባጃጁ እየሳቀ።

«ነይ፣ እሠራሻለሁ። ታጥበሽ ግን ነይ» አለችው፣ አሁንም ዓይኗን ሳትገልጥ።

ይህችው ሴት እጇን የሰው ራስ ላይ ስታሳርፍ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። በማበጠሪያዋ ጭራ ጸጉሩን አንዴ ትከፍለዋለች፤ መስመሩ ጠመመብኝ ብላ ስትመልስ አይቼ አላውቅም። ሌላ ሰው ሲነካቸው ሳሎኑን በለቅሶ የሚያናውጡ ሕፃናት እሷ እጅ ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እየሠራች ደግሞ ትሰማለች፣ በጆሮዋ ሳይሆን በጣቷ። አንዷ መጥታ «ደህና ነኝ» ስትላት፣ «አፍሽን ተይው፣ ራስሽ ነግሮኛል» ትላታለች። ከባሏ የተጣላችውን፣ ያረገዘችውን፣ እንቅልፍ ያጣችውን ሳይነግሯት ታውቃለች። ያወቀችውን ለማንም ስትናገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

ሳሎኑ አራት ቅርንጫፍ ነበረው። አንዱ የኛው ሲቀላ፣ አንዱ ሴቻ፣ የቀሩት ሶዶና ሀዋሳ። ባለቤቷ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፤ እኛ የምናውቃት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶዋ ነው። ደንበኞች «እንደሷ አድርጊልኝ» እያሉ በጣታቸው ያሳዩ ነበር።

ሠራተኞቹ ግን ከአዲስ አበባ ያልመጣ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። እነሱ ዘንድ ደንበኛ ራስ ነው የሚባለው። አንዲት ሴት መጀመሪያ ማን እጅ ላይ ተቀመጠች? ከዚያን ቀን ጀምሮ የዚያች ሠራተኛ ራስ ናት። ሠራተኛዋ ታማ ብትቀር እንኳን ሌላዋ ዝም ብላ አትነካም፤ ደውላ «ራስሽ መጥታለች፣ ልሥራልሽ?» ብላ ታስፈቅዳለች። ሳታስፈቅድ በነካች ሰው ምክንያት ዓመት ሙሉ የተኮራረፉ አሉ።

እትዬ ዳመነች ብዙ ራስ ነበራት። እናቴ ጥቂት። እናቴ አስቴር ትባላለች። አባቴ ካረፈ በኋላ ነው እዚያ የገባችው፣ ጸጉር አጣቢ ሆና። አጣቢ የሁሉንም ታጥባለች እንጂ የሷ የምትለው ራስ የላትም። ሹሩባውን ያስተማረቻት እትዬ ዳመነች ናት፣ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል በእኔ ጸጉር ላይ እያለማመደቻት። እኔን ያበላሸችኝን ያህል ነው የተማረችው።

ለዘንድሮው መስቀል ሦስት ሳምንት ሲቀረው አቶ ቢኒያም የሚባል ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ መጣ። እኛ አገር መስቀል ማለት የዓመቱ ሥራ ማለት ነው፤ ከከተማው የወጣ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ሴቱ ሁሉ ጸጉሩን ይሠራል። ትምህርት ገና ስላልተከፈተ እኔ ጥግ ላይ ፎጣ እያጠፍኩ ነበር። አቶ ቢኒያም ሠራተኞቹን ሰበሰባቸውና እንደ ዜና አንባቢ በትሕትና ነገራቸው። ሥራው አላዋጣም። አራቱም ቅርንጫፎች ይዘጋሉ። እስከ መስቀል ዋዜማ መሥራት ይቻላል።

እትዬ ዳመነች ብቻ እጇን እንደ ተማሪ አወጣች።

«ካስኮቹስ?»

«ተሽጠዋል እማማ።»

«መስታወቱስ?»

«እሱም።»

«ወንበሩ?»

«ወንበሩም።»

«እኛስ?»

አቶ ቢኒያም ወረቀቱን አገላበጠ። መልሱ እዚያ ላይ ተጽፎ የጠፋበት ይመስል ነበር።

«እኛን ማን ይገዛናል፣ ሞዴላችን አልፏል» አለች ብርሃኔ የምትባለው ጥፍር ሠሪ። ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ድንገት ሲቆም ነው እኔ የፈራሁት። ከዚያ በፊት ሥራ ማጣት ማለት ምን እንደሆነ አይቼው አላውቅም ነበር። አሁን አየሁት፤ ሁሉም እጃቸውን እያዩ ነበር።

በዚያው ሳምንት ስኳር ልጨምር ቆርቆሮውን ስከፍት የእናቴን ፓስፖርት አገኘሁ። ከስኳሩ ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። ፎቶው ላይ ጆሮዋ እንዲታይ ጸጉሯን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ አስራዋለች፤ እናቴ አትመስልም። ወዲያው ገባኝ። ለካ በስልክ ወጥታ የምታወራው ከደላላ ጋር ነው። ለካ «ጨንቻ ያለው አጎትሽ ናፍቀሽዋል» የምትለኝ ለዚያ ነው። አረብ አገር ልትሄድ ነው፣ እኔን አጎቴ ጋ አስቀምጣ።

ይህን ነገር ለምን እንደፈራሁት ሲቀላ ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከኛ ግቢ የሄደች ልጅ በሣጥን ነው የተመለሰችው። ምን ሆና እንደሞተች ያወቀ የለም። እናቷ እስካሁን ባጃጅ በቆመ ቁጥር ከቤት ወጥታ ማን እንደሚወርድ ታያለች።

ለእናቴ ፓስፖርቱን አየሁት አላልኳትም። ስኳሩን መልሼ እንደነበረ ደለደልኩት። የሚገርመው ነገር፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከግራ ጆሮዬ ጀርባ ያለው ጸጉሬ ረገፈ። የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ለስላሳ ቦታ ሆነች። በጣቴ እየነካሁ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እነካለሁ፤ እየሰፋች ይመስለኛል። ሻሽ ማሰር ጀመርኩ።

ቅዳሜ እትዬ ዳመነች «ነይ ቁጭ በይ፣ ልሥራሽ» አለችኝ። መስታወቶቹን የገዛው ሰው ቸኩሎ በዚያው ሳምንት አስነቅሏቸው ስለነበር ባዶ ግድግዳ ፊት ተቀመጥኩ። እንደልማዷ ከፈለች፣ ጎነጎነች፣ ስለ ቸርቻቸው መዘምራን እያማች አሳቀችን። ከዚያ ጣቷ ጆሮዬ ጀርባ ደረሰ። ቆመ።

እናቴ ከኛ ሦስት እርምጃ ርቃ የሰው ጸጉር እያጠበች ነበር።

እትዬ ዳመነች ወሬዋን ከቆመበት ቀጠለች። ጎንጉኗን ግን ቀየረች፤ ከላይ ያለውን ጸጉር አምጥታ ያችን ባዶ ቦታ ሸፈነቻት። ማንም አላየም። ስትጨርስ «ፎጣ አምጣልኝ» ብላ ካስኮቹ ወደተደረደሩበት ጓዳ ይዛኝ ገባች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«አትዋሸኝ፣ አንተ ልጅ። ምንድን ነው የፈራኸው?»

ነገርኳት። ፓስፖርቱን፣ ደላላውን፣ ጨንቻን፣ ሁሉንም። ድምፄን ቀንሼ ነው የነገርኳት፣ ውሃው ሲፈስ እየጠበቅሁ። እሷ ካስኩን ተደግፋ ሰማችኝ፤ ማሽኑን መንካቷን እንኳን ረስታው ነበር።

«እትዬ፣ እማ ከሄደች—»

«ዝም በል» አለችኝ። «እኔም ፈራሁ። ቆይ ላስብ።»

ሰኞ ስትመጣ ቀኝ እጇ ከአንጓዋ እስከ ጣቶቿ ሥር በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ነበር።

«ነርቭ ነው» አለች ለሁሉም። «ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ ሥራ አትንኪ ብሎኛል።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። «አስቴር፣ ራሶቼን አንቺ ትሠሪያቸዋለሽ።»

እናቴ ደነገጠች። «የሰው ራስ አልወስድም፣ እትዬ።»

«አልወሰድሽም። ሰጠሁሽ።»

«እጅሽ ሲድንስ?»

«ሲድን እንነጋገራለን። አሁን ማበጠሪያውን ያዢ።»

የቀሩትን ቀናት እንዲህ ሠሩ። የመስታወት አለመኖር እትዬ ዳመነችን ጠቀማት። ብዙዎቹ ራሶቿ ሌላ እጅ አያስነኩም፤ እሷ ግን ወንበሩ ጀርባ ቆማ በግራ እጇ አናታቸውን ዳበስ እያደረገች ታወራቸዋለች፣ እናቴ ከጎኗ ሆና ድምፅ ሳታሰማ ትጎነጉናለች። ፊታቸው ያለው ግድግዳ ነው፤ ማን እየሠራቸው እንደሆነ አያዩም። ካለቀ በኋላ ነው የሚነገራቸው።

ከሁሉም የከበደችው እትዬ ዘይነባ ነበረች፣ የጅምላ ነጋዴው ሚስት። ወንድ እንዳያያት ሁልጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ነው ጸጉሯን የምትሠራው፤ ከእትዬ ዳመነች እጅ ወጥታ አታውቅም፤ ምላሷ ደግሞ ሲቀላን ያስፈራል። ያን ቀን ስለ አማቷ ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘረገፈችው። እናቴ ግንባሯ ላብ በላብ ሆኖ ሠርታ ጨረሰች። እትዬ ዘይነባ ጎንጉኑን ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ በመዳፏ ዳሰሰችው። መዳፏ መሀል ላይ ቆመ።

«ማን ነው የሠራኝ?»

እትዬ ዳመነች ፋሻውን ዘረጋችላት። «እጄ ታሟል። አስቴር ናት።»

«አታለላችሁኝ?»

«አዎ።»

«ይሄን ሁሉ ጉድ ለሌላ ሰው ሳወራ ዝም አልሽኝ?»

«እጇን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አፏ ደግሞ ከኔ ይሻልሻል፤ አትመልስልሽም።»

እትዬ ዘይነባ እናቴን ከላይ እስከ ታች አየቻት። እኔ መጋረጃውን ጨብጬ ነበር። «ጎን ላይ አጥብቀሽዋል» አለች በመጨረሻ። «በሚቀጥለው ላላ አድርጊው።»

በሚቀጥለው አለች። መጋረጃውን ለቀቅኩት።

የመስቀል ዋዜማ ሳሎኑ ተዘጋ። ወንበሮቹ አይሱዙ ላይ ሲጫኑ ሠራተኞቹ አስፋልቱ ዳር ቆመው ያዩ ነበር። ብርሃኔ ወደ ሶዶ ሄደች፣ አንዷ ትዳር ያዘች፣ ሁለቱ ሴቻ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ሆኑ። እናቴ መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች፤ አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ አንድ ባልዲ። የእትዬ ዳመነች ራሶች አንድ በአንድ መጡ። ደላላው ሲደውል እናቴ «ትንሽ ልይ» ትለው ጀመር። ቆይታ ደግሞ ስልኩን ማንሳት ተወች። ጆሮዬ ጀርባ እንደ ሕፃን ጸጉር ያለ ነገር በቀለ።

እትዬ ዳመነች ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ጫኖ ክፍል ተከራየች። እጄ እስኪድን እዚያ አርፋለሁ ነው ያለችን። የሚመጣው ሰው ሁሉ «እጇ ተሻላት?» ይላል። እናቴ «እየተሻላት ነው» ትላለች። ይህን ጥያቄና ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም።

አሁን የኔ ተራ ነው።

ታኅሣሥ ላይ መዓዛ የምትባል የክፍሌ ልጅ የአባቷን የሙዝ ማሳ ላሳይሽ ብላ ጫኖ ወሰደችኝ። ቦዩን ተከትለን ስንገባ ከሙዙ መሀል መዝሙር ሰማን። ዘማሪዋ አትታይም፤ እንዲሁ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ከዜማው እየወጣች ትጮኻለች።

«የቀን ሠራተኛችን ናት» አለች መዓዛ። «እባብ ትፈራለች። እየዘመርኩ ካልገባሁ ይነድፈኛል ትላለች። አባቴ ጆሮዬን አደነቆረችው እያለ ነው።»

ድምፁን አውቄው ነበር። መዓዛን ውሃ አምጪልኝ ብዬ ላክኋትና ወደ ውስጥ ገባሁ።

እትዬ ዳመነች በቀኝ እጇ ቢላ ይዛ የሙዝ ዘለላ እየቆረጠች ነበር። ፋሻ የለም። ዘለላው ሲወድቅ በሁለት እጇ ተቀበለችውና ትከሻዋ ላይ አደረገችው። ጣቶቿ ከሙዙ ፈሳሽ የተነሳ ጥቁር ሆነዋል፤ ያ ነገር ልብስ እንኳን ከነካ አይለቅም።

ስታየኝ መዝሙሩ ተቋረጠ።

«እጅሽ ዳነ፣ እትዬ?» አልኳት።

«የቱ እጄ?» አለች። ከዚያ ትዝ አላት። ዘለላውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችና ቀኝ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀችው፣ አሁን ቢደበቅ የሚጠቅም ይመስል።

«አልታመመም ነበር» አልኩ።

«እንዳትነግራት፣ አንተ ልጅ። ካወቀች ራሶቼን ትመልሳለች። አውቃታለሁ እኮ። ትመልስና ትሄዳለች።»

«አንቺስ?»

«እኔ ልጅ የለኝም። እኔ ብሄድ ብመጣ ጸጉሩ የሚረግፍ የለም።»

«እዚህ ግን እባብ ትፈሪያለሽ።»

«እፈራለሁ» አለች። «ያን ቅዳሜ ጓዳ ውስጥ ግን ካንተ ጋር ስንት ነገር ፈራን፤ እባብ ቢያንስ መዝሙር ይሰማል።»

ልስቅ ነበር፣ አልቻልኩም። በዚያ በጠቆረ ጣቷ ልትነካኝ እጇን ሰነዘረችና የትምህርት ቤት ሸሚዜን አይታ መለሰችው። መዓዛ ውሃውን ይዛ ስትመጣ እትዬ ዳመነች ወደ ሙዙ መሀል ገብታ ነበር። መዝሙሩ እንደገና ተጀመረ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ለእትዬ ዳመነች ቃል ስለገባሁ ነው ብዬ መጻፍ እችል ነበር፤ ቃል ግን አልገባሁላትም። የፈራሁት ለራሴ ነው። እናቴ እውነቱን ብታውቅ ያ ፓስፖርት ከስኳሩ ሥር ይወጣል። ስለዚህ ሰዎች «እጇ ተሻላት?» ባሉ ቁጥር ፎጣ እያጠፍኩ ዝም እላለሁ። አንዲት ሴት እባብ በምትፈራበት ማሳ ውስጥ እየጮኸች ስትዘምር እኔ ዝም ብዬ እናቴ በሠራችኝ ሹሩባ አምሬ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ታኅሣሥ አለቀ፣ ጥር አለቀ፣ ዝናብ መጣ፣ ዝም አልኩ።

ማክሰኞ ሙዝ ሻጯ ያን ነግራን ሄደች። ረቡዕ ከሰዓት ሰው አልነበረም፤ እናቴ ከደጅ ፎጣ ታጥባለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«እማ፣ የእትዬ ዳመነች እጅ አልታመመም ነበር» አልኳት። «ጫኖ አይቻታለሁ። ሙዝ ትቆርጥ ነበር። ዝም ያልኩት ከነገርኩሽ ትሄጂብኛለሽ ብዬ ነው።»

እናቴ ፎጣውን ጨመቀችው። ውሃው አልቆ እንኳን መጭመቋን አልተወችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። አንድ ቀን ጠዋት ፋሻውን ግራ እጇ ላይ አስራው መጣች።»

ፎጣውን ከእጇ ተቀበልኳት።

«ተምታታባት። ደንበኞች ሊገቡ ነው፣ ማንም አላያትም፣ እኔ ብቻ። ጓዳ አስገባኋት። ፋሻውን ፈታሁና ቀኝ እጇ ላይ አሰርኩላት።» እናቴ ይህን ስትል አላየችኝም። «እሷ አላወራችም። እኔም አላወራሁም። ጥሩ አድርጌ አሰርኩላት፣ እንዳይፈታ።»

«ለምን?»

«እኔስ መሄድ የማልፈራ መስሎሻል?»

ከእናቴ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። እኔ የፈራሁት እሷ እንዳትሄድብኝ ነበር። እሷም ራሷ እንደምትፈራ አንድ ቀን እንኳን አስቤው አላውቅም። ሁለታችን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆነን፣ አንዳችን ለአንዳችን ሳንናገር፣ በአንድ ውሸት ስንኖር ከርመናል። ውሸቱን የተሸከመችልን ደግሞ ከሁላችንም ፈሪዋ ናት።

ሐሙስ እትዬ ዘይነባ መጣች። መጋረጃው ተዘረጋ፣ እናቴ ከፈለች፣ ጀመረች። ግማሹ ሲያልቅ ያ ጥያቄ መጣ።

«ያቺ ዳመነች እጇ ተሻላት?»

የእናቴ ጣቶች ቆሙ። መስታወቱ ውስጥ አየኋት። ከእትዬ ዳመነች ራሶች ትልቋ ይህች ናት፤ እሷ ከሄደች ግማሹ ሲቀላ ተከትሏት ይሄዳል። ያንን እኔም አውቃለሁ፣ እናቴም ታውቃለች። እናቴን በዓይኔ ለመንኳት። ተሽሏታል በያት፣ እንደሁልጊዜው በያት።

«እጇ ታሞ አያውቅም» አለች እናቴ።

ነገረቻት። ፓስፖርቱንም ፋሻውንም አልደበቀችም። እትዬ ዘይነባ ሳታቋርጥ ሰማች፤ እሷ ሳታቋርጥ ስትሰማ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እና አሁን የት ናት?»

«አናውቅም። ጫኖን ለቃለች።»

እትዬ ዘይነባ ከወንበሩ ተነሳች። ከራሷ ግማሹ ተጎንጉኗል፣ ግማሹ እንደተበተነ ነው። ሻርፗን አንስታ ላዩ ላይ ጣለችው።

«እትዬ፣ ልጨርስልሽ» አለች እናቴ።

«አትንኪኝ። ይሄኛው ግማሽ የዳመነች ነው።» እስከ በሩ ሄደችና ተመለሰች። «የባሌ መኪኖች የማይሄዱበት አገር የለም። ሾፌሮቹ በየደረሱበት እንዲጠይቁ አደርጋለሁ። እስክትገኝ እንዲህ ሆኜ እቀመጣለሁ፤ ባሌም ያየኛል፣ አማቴም ታየኛለች፣ እስቲ ምን እንደሚሉ እሰማለሁ። አንቺ ደግሞ ሰው ሲጠይቅሽ ለኔ ያልሽኝን በይ።»

ወጣች። ተቆጥታ ይሁን አዝና፣ ወደኛ ትመለስ ይሁን አትመለስ አላወቅንም። እናቴ ማበጠሪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ትሄጃለሽ እንዴ?» አልኳት። ጥያቄውን ወራት ሙሉ ይዤው ከርሜ የወጣልኝ እንደ ትንፋሽ ነው።

ከወንበሩ እስከ ግድግዳው ያለውን በእግሯ መለካት ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ግማሽ። ከመስታወቱ ወደ በሩ ለካች። እንደገና ለካች።

«ለእትዬ ዳመነች ሁለተኛ ወንበር የቱ ጋ ይገባል?» አለችኝ።

የትም አይገባም። ክፍሏ ለአንዱም ትጠባለች፤ ይህን ሁለታችንም እያየን ነው። ባልዲውን አንስቼ ውጭ አወጣሁት።